የ«ጥላው የተሰረቀ ንጉሥ» ወዳጆች

ሞጣ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአቶ ደሴ፣
ቢቸና

ጤና ይስጥልኝ። ለአባቴ ለመምህር ባንተአምላክ የላኩት ደብዳቤ በሚኒባስ ሹፌሩ በታደለ እጅ ደርሷል። ከፍቼ ያነበብኩት ግን እኔ ልጁ ሰሎሜ ነኝ። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ መምህር ነኝ፣ ልጆቹን የምቆጣው በዚሁ ነው። ፖስታው ጀርባ ላይ «ከቢቸና የፊልሙ ወዳጆች» የሚል ባይኖር ኖሮ አልነካውም ነበር።

ሦስት ነገር ጠይቀዋል። በሕይወት አሉ ወይ ላሉት፣ አለ። የዘፈኑ ዋና ካሴት በእጃችሁ ነው ወይ ላሉት፣ ነው፤ ግን አልልክም። ከዚያ ፊልም በኋላ ለምን ሌላ አልሠሩም ላሉት ደግሞ፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው ከአገር ሁሉ ተመርጦ ከቢቸና መነሣቱ ገርሞኛል።

አባቴ «ጥላው የተሰረቀ ንጉሥ»ን የሠራው በ1997 ዓ.ም. ነው። በሰርግ ካሜራ፣ በትምህርት ቤቱ ኪቦርድና በእናቴ ድምፅ። የመጨረሻውን ዘፈን የምትዘፍነው እናቴ ውበቴ ናት። ዘፋኝ አልነበረችም። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሲንጀሯ ላይ ሆና ስታንጎራጉር ሰምቶ ነው የቀረጻት። በ1999 ዐረፈች። በዓመቱ ቢቸና ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ፊልሙን በየዓመቱ በፋሲካ ማግሥት ያሳያል የሚል ወሬ ደረሰው። ድምፅዋን ሰው በተሰበሰበበት አንድ ቀን ልስማው ብሎ ሄደ። ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም፤ ከፍሎ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ።

ሲመለስ ያወራን ጥቂት ነው። ሕዝቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስቅ ነበር። ንጉሡ ብቅ ባለ ቁጥር ይጮሁበት ነበር። መጨረሻ ላይ የእናቴ ዘፈን ሲጀምር ቤቱ በሳቅ ሲናጋ፣ ተነሥቶ ወጣ። «እናትሽ ላይ ሳቁባት» ነው ያለኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ኪቦርዱን ለትምህርት ቤቱ መለሰ፣ ካሴቱን ሣጥን ውስጥ ከተተ፣ አበቃ።

እንግዲህ «ወዳጆች» ብለው የጻፉት እነዚያን ሰዎች ከሆነ፣ እባክዎ ደግመው አይጻፉለት። ዕድሜውም ጤናውም ይህን የሚችል አይደለም።

ከአክብሮት ጋር
ሰሎሜ ባንተአምላክ


ቢቸና፣ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርት ሰሎሜ፣

እንደምን ሰንብተዋል? መምህርስ እንዴት ናቸው? ስለ እኔ ደህንነት ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ደብዳቤዎን ሱቄ ውስጥ ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣ ሰው «ምን ሆንክ፣ ሰው ሞተብህ?» ብሎኛል።

ደግመው አይጻፉ ብለዋል። ለእርሳቸው አልጻፍኩም፣ ለእርስዎ ነው። ይህችን አንብበው ከዚያ ቢጥሉኝ አልቀየምም።

ያ ቪዲዮ ቤት የእኔ ነበር። ያን ዕለት የቪዲዮ ዴኩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መምህር ከኋላ ተቀምጠው እንደነበር ከእርስዎ ደብዳቤ በቀር የነገረኝ የለም። ባውቅ ኖሮ በሩን ዘግቼ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር።

ሳቃችን እውነት ነው፣ አልክድም። ፊልሙን ያውቁታል፤ ጠንቋይዋ የንጉሡን ጥላ ትሰርቃለች፣ ጥላ ያጣ ንጉሥ ደግሞ ሕዝቡ አያምነውም፣ አንዲት ልጅ ጥላውን ፍለጋ ተራራ ትወጣለች። ታሪኩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ፊልሙ የተነሣው በጠራራ ፀሐይ ነው። የተሰረቀው ጥላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንጉሡን ተከትሎት ይሄዳል! ንጉሡ «ጥላዬን ያያችሁ» እያለ ሲያለቅስ ጥላው እግሩ ሥር ተኝቷል። ታዲያ እኛ እንጮኻለን። «ንጉሥ ሆይ፣ ከኋላዎ ነው!» እንላለን። ንጉሡ አይሰማም። በየዓመቱ እንነግረዋለን፣ በየዓመቱ አይሰማም። አያድርስ ነው፣ መምህርት፤ አንዳንዴ የምሬን ዞር ብሎ የሚያይ ይመስለኛል።

የሚሳቅበት ነገር ብዙ ነው። ዘንዶው ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ነው፤ «ኡሪያ» የሚለው ጽሑፍ ሆዱ ላይ ይነበባል። ከጅራቱ ሥር አንዲት ኮንጎ ጫማ ብቅ ትላለች። ይህን ሁሉ በቃላችን እናውቀዋለን። ግን ሰው በማይወደው ነገር አሥራ ስምንት ዓመት አይስቅም። በዚያ ዴክ ስንትና ስንት የውጭ ፊልም አሳይቻለሁ፤ አሁን የአንዱ ስም ትዝ አይለኝም።

ዋናው ይኸውልዎ። መጨረሻ ላይ ንጉሡ ኮረብታው ላይ ሲቆም ጥላው ከምንጊዜውም በላይ ረዝሞ ይታያል። እዚያ ላይ የመጨረሻውን ጩኸት እንጮኻለን፣ ቤቱ ይናጋል። ዘፈኑም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ በሳቃችን ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ዝም እንላለን። ከዚያ እንዘፍናለን። ሁሉም ሰው፣ ከእናትዎ ጋር፦

«ጥላዬ ጥላዬ ከፀሐይ የሸሸሽ፣
ቤቱ እንዳለ ነው፣ ነይ ነይ ሳይመሽብሽ።»

ፈንታነሽ የምትባል የወፍጮ ቤት ባለቤት አለች፤ እናቷን የቀበረች ዕለት ስታለቅስ የነበረው በዚህ ዜማ ነው። መሪጌታ ወልደ ኪዳን የቅኔ ተማሪ ሳሉ ከጉባኤ ቤት ተደብቀው መጥተው ያዩት ነበር፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነው «ይህን ዜማ ያወጣው ሰው የተማረ ነው» ይሉኛል።

መምህር ሁለት ደቂቃ ቢቆዩ ኖሮ ይህን ይሰሙ ነበር። ሁለት ደቂቃ! ካሴቱን የለመንኩትም ለዚህ ነው። የእኛ ሲዲ ተጭሮ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ይዘላል፤ እዚያ ላይ ቃሉን ስለማናውቀው እናንጎራጉራለን። አሁን ካሴቱን አልፈልግም። ይህን እንዲሰሙልኝ ብቻ ነው የምፈልገው።

ስልኩ እንደሚያውቁት ከተቋረጠ ሰንብቷል፣ ኢንተርኔቱም የለም። በታደለ በኩል ይመልሱልኛል ብዬ እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ
ደሴ


ሞጣ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ደሴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? መልሱ የዘገየው ታደለ ሁለት ሳምንት ስላልተመላለሰ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን አላመንኩዎትም ነበር። ሽንገላ የሚችል ሰው ነው ብዬ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። በኋላ ደግሜ ሳነበው «ንጉሡ አይሰማም» የምትለው ቦታ ላይ ሳላስበው ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ አለቀስኩ። ስለዚህ ይኸው ጽፌያለሁ። እርስዎ መባሉም ይቅርብኝ፤ ታላቄ ነዎት፣ አንቺ ይበሉኝ።

ኮንጎ ጫማዋ የማን ናት ብለው ሹፌሩን ጠይቀውታል አሉ። የእኔ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ የዘንዶው ጅራት እኔ ነበርኩ። ጆንያውን የሰፋችው እናቴ ናት። ውስጡ ይሞቃል፣ ማዳበሪያው ዓይን ያቃጥላል፣ ከፊቴ ያለው ሰው የት እንደሚሄድ አይታየኝም። አባዬ «ጅራት! ተወዛወዢ እንጂ!» እያለ ይጮህብኝ ነበር። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስለ ጥላውም ልንገርዎት። አባዬ አላየውም ብለው ካሰቡ ተሳስተዋል። ቀርጸው ከጨረሱ በኋላ እዚህ ሞጣ ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያየው ነው የታየው። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ደመና ባለበት ቀን እንደገና ላንሣው አለ፤ ካሜራ ያለው ሰው ግን ፋሲካ አልፎ ሰርግ ገብቶበት ነበር፣ አልተመለሰም። እናቴ «ጥላውን የሚያይ ሰው ታሪኩ ያልገባው ነው» ብላ አጽናናችው። እንግዲህ ቢቸና ሄዶ መጀመሪያ የሰማው በዚያው ጥላ የተጮኸውን መሆኑን ያስቡት።

አንብቤለት እንደሆነ ማወቅ ሳይፈልጉ አይቀሩም። ገና ነኝ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። የዚያን ቀን ነገር በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሣው። በወረቀት የሚያምንም አይመስለኝም፤ «ምን ፈልገው ነው?» ይለኛል።

ጤናውን በተመለከተ፣ ከሰኔ ወዲህ ትንሽ አሞታል። ባሕር ዳር ወስጄው ነበር። ሐኪሙ ያለኝን እዚህ ላይ አልጽፈውም። ቀን ቀን በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ የተማሪዎቼን ደብተር ያርምልኛል፣ ከእኔ ይልቅ ቀይ እስክሪብቶ ይወዳል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ያን «ከኋላዎ ነው» የሚለውን ጩኸት መጀመሪያ የጀመረው ማን ነው? እንዲያው ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሰሎሜ


ቢቸና፣ ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰሎሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለመምህርም በልብሽ አድርሺልኝ።

ጥያቄሽን መጀመሪያ ልመልስና ልገላገል። የጀመርኩት እኔ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. የፋሲካ ማግሥት፣ ሰው ጥላውን አይቶ ማጉረምረም ጀመረ። አንዳንዱ ገንዘባችንን መልስ ማለት ቃጥቶት ነበር። ዴኩ አጠገብ ቆሜ «ንጉሥ ሆይ፣ ከኋላዎ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ የሚወጣው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ፊልሙን ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንቴ እንዳሰብኩት እኔና አምላክ ነን የምናውቀው። ያን አፌን ያን ዕለት ቢይዝልኝ ምን ነበረበት?

የሐኪሙን ቃል አልጻፍኩም ብለሽኛል። ያልጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ አልቀመጥም።

ያሰብኩት ይህን ነው። በወረቀት አያምኑም ብለሻል፤ እውነትሽን ነው፣ እኔም ብሆን አላምንም። በጆሯቸው ይስሙት። የፊልሙን ወዳጆች ሁሉ እሰበስባለሁ፤ በጥቂቱ ሠላሳ ሰው እንሆናለን። እሑድ ወፍጮው ሲቆም ፈንታነሽ ግቢ ውስጥ ሆነን ዘፈኑን በሙሉ እንዘፍናለን። በስልክ ቀርጬ በሚሞሪ ካርድ እልከዋለሁ። አንቺ ስልክሽ ላይ ከተሽ ጆሯቸው ሥር ታደርጊዋለሽ። ሌላ ቃል አያስፈልገውም። አሁን ግን ጾም ነው፤ መሪጌታ «በነቢያት ጾም ዘፈን አልዘፍንም፣ ገና ይለፍ» ብለዋል። ያለ እርሳቸው ደግሞ ዜማው አይያዝም። ከገና በኋላ ባለው እሑድ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ካርዱ እስኪደርስ ምንም እንዳትነግሪያቸው። ቪዲዮ ቤት በነበረኝ ጊዜ መጨረሻውን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ሁለተኛ በሬን አይረግጥም ነበር። ይህም እንደዚያው ነው። ሳያስቡት በድንገት ይስሙት። ፊታቸውን አንቺ አይተሽ ትጽፊልኛለሽ፤ እኔ የምለምንሽ ያችን ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ስንኝ ብታገኚልን ደግሞ ሙሉ ይሆን ነበር።

ወንድምሽ
ደሴ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ደሴ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነወፍጮ ቤቱ፣ ከነመሪጌታ።

የጀመርኩት እኔ ነኝ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ተቀይሜ እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ቀን ተቀይሜ ነበር፣ ሦስተኛው ቀን ላይ የምቀየምበት ጊዜ አጣሁ።

ስንኙ ይኸው፦

«ፀሐዩ እያለ አብረሽኝ የዋልሽ፣
ደመናው ሲመጣ ወዴት ነሽ፣ የት አለሽ።»

ካሴቱን ከሣጥን አውጥቼ አዳምጬ አይደለም፤ ማጫወቻውም የለንም። እሱን ጠይቄው ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ደብተር ሲያርም «አባዬ፣ የእማዬ ዘፈን ሦስተኛው ስንኝ እንዴት ነበር?» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቃሉን አንድ በአንድ ነገረኝ። ከዚያ «ለምን ፈለግሽው?» አለኝ። ዓይኑን አቅንቶ አየኝ፣ ጋሼ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። የእርስዎ አደራ ትዝ አለኝና «ለተማሪዎቼ፣ ለግጥም ክፍለ ጊዜ» አልኩት። «እህ» ብሎ ደብተሩን መልሶ አነሣ። ያን ቀን ከዚያ በኋላ ብዙ አላረመም።

ልክ ሠርቻለሁ? እርስዎ የፊልም ሰው ነዎት፤ ያውቁበታል ብዬ ነው የታዘዝኩት። ግን ይፍጠኑልኝ። በረንዳው ላይ የሚወጣው አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ምግብ ሲቀርብለት ለእኔ ሲል ነው የሚቀምሰው። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ከየት አምጥቶት እንደሆነ አላውቅም፣ «ያ ፊልም የትም የቀረ አይመስልሽም? ተጥሏል አይደል?» አለኝ። እኔም «አላውቅም አባዬ» አልኩ።

ይህች «አላውቅም» እንቅልፍ ነሥታኛለች።

ሰሎሜ


ቢቸና፣ ጥር 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰሎሜ፣

እንደምን አለሽ? መምህርስ? ይህን የሚያደርሱልሽ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ራሳቸው ናቸው። ጥምቀትን ሞጣ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሊያከብሩ ነው የሚመጡት። መምህርን ሊጠይቁ ቤታችሁ ይገባሉ። ስለ ፊልሙ ትንፍሽ እንዳይሉ አስምያቸዋለሁ፤ እንደ ማንኛውም ታማሚ ጠያቂ ይቀመጣሉ።

ስንኙ ደርሶናል። ፈንታነሽ ወረቀቱን ይዛ አለቀሰች። አሥራ ስምንት ዓመት ያንጎራጎርነው ነገር ቃል ነበረው!

ካርዱን ግን ከዚህ ጋር አታገኚውም። ቀረጻው ገና አልተስተካከለም። ለእርሳቸው የሚሆን ነገር እንከን እንዲኖርበት አልፈልግም። ከጥምቀት ማግሥት ባለው እሑድ፣ ካልሆነም በሚቀጥለው ይጠናቀቃል። ታግሠሽ ጠብቂኝ።

ደሴ


ሞጣ፣ ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ደሴ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ። ይህችን እስከ ደብረ ወርቅ በእግር ለሚሄዱ ሰዎች ነው የሰጠሁት፤ መንገዱ ከተዘጋ አምስት ቀን ሆኖታል፣ ታደለም መኪናውን አቁሟል።

መሪጌታ መጥተው ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቡ ተቀመጡ። ስለ ቅኔ ሲያወሩ አባዬ እንደ ጥንቱ ሆነ፣ ትራስ አስደግፉኝ ብሎ ቀና አለ። መጨረሻ ላይ «ከየት ነው የመጡት?» አላቸው። «ከቢቸና» አሉት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መሪጌታ እኔን አዩኝ፣ እኔ እርሳቸውን አየሁ። ሁለታችንም አደራችንን ጠበቅን። በሩ ላይ ስሸኛቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደም። ውሃ በማንኪያ ነው የምሰጠው። የጨረሳችሁትን አይደለም የምለው፤ ያለውን፣ እንዳለ ይላኩልኝ። ሰው ይፈልጉ፣ በበቅሎም ይሁን።

ሰሎሜ


ሞጣ፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ደሴ፣

መርዶው በሰው እንደደረሰዎት ሰምቻለሁ። እኔ ግን እስካሁን ልጽፍልዎ አልቻልኩም ነበር። አባቴ የካቲት 9፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዐረፈ። ከእናቴ አጠገብ ነው ያስቀበርኩት። ለቅሶ ልትደርሱ እስከ ደብረ ወርቅ መጥታችሁ ማለፊያ አጥታችሁ መመለሳችሁንም ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ካርዱ የደረሰው የካቲት 14 ነው። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ።

እንዴት ነበር ብለው በሰው ጠይቀውኛል። ልንገርዎት፣ ከእርስዎ በቀር የምነግረው የለኝም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካርዱን መጠበቁን ተውኩ። እጁን ይዤ ሁሉንም ነገርኩት። ቢቸና በየዓመቱ ያዩታል አልኩት። የሳቁት በጥላው ነው፣ በእማዬ አይደለም፤ ሁለት ደቂቃ ብትቆይ ኖሮ ሁሉም አብረዋት ሲዘፍኑ ትሰማ ነበር አልኩት። የፈንታነሽን እናት ለቅሶ፣ የመሪጌታን ነገር፣ ሁሉንም። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ «አታባብይኝ፣ ልጄ» አለኝ።

ሮጬ ደብዳቤዎችዎን አመጣሁ። አነበብኩለት። በመሐል ፈገግ አለ፤ ያመነኝ መሰለኝ። ስጨርስ «ድርሰት ትችያለሽ፤ በልጅነትሽም ትችይ ነበር» አለኝ። እኔ የጻፍኩት መስሎት ነው። የእጅ ጽሑፉን ላሳየው ወረቀቱን ዓይኑ ፊት አድርጌ ያዝኩት፤ ዓይኑ ግን ጽሑፍ መለየት ካቆመ ሰንብቶ ነበር። «አባዬ ሙት፣ የእኔ አይደለም» ብዬ ማልኩለት። በሚሞት ሰው ፊት ሙት ብዬ ማልኩ። ጭንቅላቴን ዳሰሰኝና ተኛ። ከዚያ በኋላ የሚሰማ ቃል አልተናገረም።

እንግዲህ የሄደው እንደዚያ ነው። ሰው ሚስቱ ላይ እንደሳቀባት፣ ልጁ ደግሞ ልታጽናናው ድርሰት እንደጻፈችለት አምኖ።

ካርዱን ብቻዬን ሰማሁት። በጣም ያምራል። አንድ ሰው አያስልም፣ አንድ ወንበር አይንቋቋም፤ ሦስተኛው ስንኝ እንኳ አለ። ጥርት ያለ የመዘምራን ድምፅ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ይህን ብቻ ቢሰማው «ማንን ቀጥረሽ ነው?» የሚለኝ ይመስለኛል።

ጥፋቱ የማን ነው እያልኩ አይደለም። ጥቅምት ላይ የመጣውን የመጀመሪያ ደብዳቤዎን፣ ያኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ መነጽሩን አድርጎ ራሱ ማንበብ ሲችል፣ ከፍቼ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በራሱ ዓይን ያነበው ነበር።

አርባው መጋቢት 18 ነው። መንገዱ ከተከፈተ ይምጡ። ካልተከፈተ በዚያው ያስቡት።

ሰሎሜ


ቢቸና፣ መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰሎሜ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሳቸውን ይማር። ከዚህ በላይ የሚባለውን የማጽናኛ ቃል ሁሉ ሞክሬ ሰረዝኩት።

ጥፋቱ የማን ነው እያልኩ አይደለም ብለሻል። አንቺ አትበዪ፣ እኔ ልበል። ያልጻፍኩልሽ ነገር አለ። ጥር 7 ቀን፣ ቀረጻው ገና አልተስተካከለም ብዬ በመሪጌታ እጅ ስጽፍልሽ፣ ቀረጻው በእጄ ነበር። ጥር 5 እሑድ ዕለት ነው የቀረጽነው፤ ሠላሳ አራት ሰው ሆነን፣ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ልምምድ። ካርዱ የደረት ኪሴ ውስጥ ሆኖ ነው ያን ደብዳቤ ለመሪጌታ የሰጠኋቸው። እርሳቸውም «ይህን አልይዝም እንዴ?» ብለውኛል። «ይቆይ፣ አበላሽተነዋል» አልኳቸው።

ምን ሆነ መሰለሽ፣ በመሐል ውሻ ጮኸ። የፈንታነሽ ግቢ ውሻ። ደግሞ ሰዉ እንደ ፋሲካው ማግሥት መስሎት ከዘፈኑ በፊት «ንጉሥ ሆይ፣ ከኋላዎ ነው!» ብሎ ጮኾ ሳቀ። ለታመመ ሰው፣ ለዚያውም ያን ሳቅ ሰምተው ለቆሰሉ ሰው፣ ይህን አልልክም አልኩ። ውሻውን አስወጥተን፣ የሚያስለውን ሰው ለይተን፣ መሳቅ ክልክል ነው ብዬ ሁለት እሑድ ደጋገምነው። የደረሰሽ ያ ነው። እስኪጠራ ድረስ መንገዱ ተዘጋ።

ስንት ዓመት ሙሉ ጥላው የሚታይ፣ ጫማው የሚታይ፣ ሆዱ ላይ «ኡሪያ» የሚል ፊልም ስወድ ኖሬ፣ አንዲት የውሻ ጩኸት ከበደችኝ። መምህር ጥር 8 ቀን፣ ትራስ ተደግፈው ቀና ባሉበት ሰዓት፣ ካርዱን ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ መሪጌታ ከኪሳቸው አውጥተው ያሰሟቸው ነበር። ያኔ ዓይናቸውም ጆሯቸውም ነበረ። ደግሞ ያምኑ ነበር፣ ሰሎሜ። ያን የመሰለ ነገር ተቀጥሮ የሚዘፍን ሰው የለም።

ስለዚህ ከፍተሽ ያስቀረሽውን ደብዳቤ ብቻሽን አትሸከሚው። የእኔ ይበልጣል። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ብትይኝም አሁን አልቀበልሽም።

የጥር 5ቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ። መስማትም መጣልም የአንቺ ነው። እኔ ከዚያ ዕለት ወዲህ ከፍቼው አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ሰማሁት። መጀመሪያ እንጮኻለን፣ እንስቃለን። ከዚያ መሪጌታ ዜማውን ይይዙታል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ፈንታነሽ ታስላለች። ሦስተኛው ላይ ውሻው ይጮኻል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጮኸው፣ ሰሎሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ እኛም ማንም ሳያቋርጥ መዝፈናችንን እንቀጥላለን።

ደሴ